የሌለውን ሥልጣን ለእጩ ማደል፦ ስለ ፅንስ ማቋረጥና ስለ ሕይወት ፍጻሜ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ከኮተቤ እስከ ካራ፣ ከአያት እስከ ለገጣፎ ባሉ ሰፈሮች ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። መራጩ እጩዎችን «ከሕይወት ጎን የቆሙ» እና «ከሞት ጎን የቆሙ» ብሎ ለሁለት እንዲከፍላቸው ይመክራል። ሲጨመቅ የሚለው ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ ውርጃ ተፈቅዷል፤ ሴት «ተደፈርኩ» ካለች የሚጠይቃት የለም፤ ሕጉ ከወጣ ወዲህ ውርጃ በሦስት እጥፍ አድጓል፤ ጥሩ የምክር ቤት እጩ ከተመረጠ በአካባቢያችን ይቆማል፤ የማስታገሻ ሕክምና (በጽኑ የታመመን ሰው ሕመም የሚያቀል ሕክምና) ይስፋፋ የሚል እጩ በሽተኛን በመድኃኒት መግደልን ይደግፋል፤ የእጩውን አቋም ለማወቅም ሃይማኖቱን ማወቅ ይበቃል።

የጸሐፊው እምነት የራሳቸው ነው፤ በእሱ ላይ ሙግት የለንም። በሕክምናና በሕግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነንና መልስ የምንሰጠው ማስረጃ ብለው ላቀረቡት ነው። ከሁሉም በላይ አንዱ ስህተት ሌሎቹን ይጎትታል፦ ጸሐፊው የእጩውን አቋም ይጠይቃሉ እንጂ የሚወዳደርበት ወንበር ምን ማድረግ እንደሚያስችለው አይጠይቁም።

«በኢትዮጵያ ውርጃ ተፈቅዷል»

አልተፈቀደም። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ጉዳዩን ከአንቀጽ 545 እስከ 552 ይዞታል። በር ላይ የቆመው አንቀጽ 545 ክልከላ ነው፦ ፅንስን ሆን ብሎ ማቋረጥ፣ እርግዝናው የቱንም ያህል ጊዜ ይሁነው፣ በየትኛውም ዘዴ ይፈጸም፣ በአንቀጽ 551 ከተዘረዘረው ውጭ ያስቀጣል። ሴትየዋ ራሷ ብትፈጽመው በቀላል እስራት ትቀጣለች። ሌላ ሰው ያለ ፈቃዷ ቢፈጽምባት ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ለገንዘብ ብሎ ወይም ልማድ አድርጎ የሚሠራው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል፤ የሕክምና ባለሙያ ከሆነ ደግሞ ከሙያው የሚታገድበት ሁኔታ አለ።

አንቀጽ 551 የሚፈቅደው በአራት ምክንያት ነው። እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በሥጋ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፤ የእርግዝናው መቀጠል የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፤ ፅንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፤ ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ፣ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ድህነት የለም። «ማሳደጊያ የለኝም» ያለች የ30 ዓመት ሴት በዚህ ምክንያት ብቻ አይፈቀድላትም። ድህነት የሚገባው በአንቀጽ 550 ነው፤ እሱም ፈቃድ አይሰጥም፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ያዝዛል። ጸሐፊው «በፈለገች ጊዜ» ብለው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ከየትኛው አንቀጽ እንደተወሰደ ቢነግሩን ደስ ይለን ነበር።

ጸሐፊው «ወደ ቀድሞው ሕግ የሚመልሰንን እጩ ምረጡ» ይላሉ። የቀድሞው፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቢሆን ፅንስ ማቋረጥን ፈጽሞ አልዘጋም፤ ነፍሰ ጡሯን ሕይወቷን ወይም ጤናዋን ከሚያሰጋ ከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ሲሆን ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ «ወደ ድሮው እንመለስ» የሚል እጩ ከአራቱ የትኛውን እንደሚሰርዝ በስሙ ይጥራ። የተደፈረችውን ነው? የ14 ዓመቷን ነው? «ሁሉንም» ካለም መልስ ነው፤ መራጩ ያንን ሰምቶ ይወስን።

«ተደፈርኩ ካለች የሚጠይቃት የለም»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ስለዚህም ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2 እርግዝናው በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመድ የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴትየዋ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የጤና ሚኒስቴር መመሪያም የደፋሪውን ማንነት እንድትናገር ወይም የፖሊስ ወረቀት እንድታመጣ አይጠይቅም።

እንዲህ የተደረገው የጊዜ ነገር ስለሆነ ነው። አንድ የአስገድዶ መድፈር ክስ ከምርመራ እስከ ፍርድ ወራት ይፈጃል፤ እርግዝና ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ቃሏ ብቻ በቂ ባይሆን ኖሮ ሕጉ በወረቀት ፈቅዶ በተግባር የሚከለክል ይሆን ነበር፤ ፍርዱ ሲመጣ ልጁ ተወልዶ ይቆያል። ቃሏ የማያደርገው ነገርም አለ። በእሱ ብቻ ማንም አይፈረድበትም። ተከሳሽ በአንቀጽ 620 ተከሶ ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ስትሆን ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ዐቃቤ ሕግ እንደማንኛውም ወንጀል ማስረዳት አለበት። ጸሐፊው ሕክምናውንና የወንጀል ክሱን አንድ አድርገው «ንጹሕ ሰው በሐሰት ቃል ይታሰራል» ማለታቸው ከዚህ ድብልቅ የመጣ ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው አንድ ነገር አለ። የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ትጀምራለች፤ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ደግሞ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ መውሰድ ትችላለች፤ ምንም እንኳ ቶሎ ሲወሰድ የበለጠ ቢሠራም። በነዚህ ሰዓታት ከተደረሰ ብዙውን ጊዜ የፅንስ ማቋረጥ ጥያቄ ራሱ አይነሳም። ውርጃ እንዲቀንስ ከልቡ የሚፈልግ እጩ «ከጨለመ በኋላ በዚህ ወረዳ 72 ሰዓቱ ሳያልፍ የሚያደርስ ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

«በሦስት እጥፍ አድጓል»

የሥነ ተዋልዶ ጤናን የሚያጠናው የጉትማኸር ተቋም ከኢትዮጵያ አጥኚዎች ጋር ባደረገው ግምት እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 382,500፣ በ2014 ደግሞ ወደ 620,300 ውርጃ ተፈጽሟል። ይህ 1.6 እጥፍ ነው። የሴቶች ቁጥርም በዚያው ጊዜ ስላደገ ትክክለኛው ንጽጽር በ1,000 ሴት ነው፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 1,000 ሴቶች ከ22 ወደ 28። ጭማሪው አይካድም። ነገር ግን በጤና ተቋም የተፈጸመው ድርሻ ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ ከፍ ብሏል። የቀረው ከተቋም ውጭ ነው፤ ማሕፀን የሚበሳው፣ ቅሪት ተይዞ ደም የሚፈስሰውና ኢንፌክሽን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ጸሐፊው አዲስ አበባ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ ትበልጣለች ያሉት ልክ ነው፤ በ2014ቱ ግምት በ1,000 ሴት 92 ነበር። ግን ከከተማዋ ዙሪያና ከሩቅም አገልግሎት ፍለጋ የሚመጡ ሴቶች የሚቆጠሩት አዲስ አበባ ላይ ነው። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ መጥታ መሀል ከተማ የታከመች ሴት የከተማዋን ቁጥር ከፍ ታደርጋለች። ይህን ሳይናገሩ ቁጥሩን የከተማው «ሥነ ምግባር» መለኪያ ማድረግ አይቻልም።

«ጥሩ የምክር ቤት እጩ ከተመረጠ ይቆማል»

የጽሑፉ ትልቁ ችግር እዚህ ነው፤ የከተማ ዳር ነዋሪን በተለይ የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 የወንጀል ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ክልሎች የወንጀል ሕግ የሚያወጡት በፌዴራሉ ሕግ ባልተሸፈነ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፤ ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ተሸፍኗል። ስለዚህ አንቀጽ 551ን የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138ቱም አባላት በአንድ ድምፅ ቢስማሙ አይነኩትም። የኦሮሚያ ጨፌም አይነካውም። ለምክር ቤት ወንበር ተወዳድሮ «ስመረጥ አስከለክላለሁ» የሚል እጩ፣ «አስፈቅዳለሁ» የሚልም እንዲሁ፣ ለመራጩ የሚሰጠው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ካራ ያለ መራጭና ለገጣፎ ያለ መራጭ የመንገዱ ርቀት ይህን ያህል ባይሆንም ሁለተኛው የድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ይለያያል፤ የአንዱ ለከተማ ምክር ቤት፣ የሌላው ለጨፌ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ፣ ለሁለቱም አለ። የወንጀል ሕጉ የሚነካው በዚያ ወረቀት ብቻ ነው። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23፣ ኦሮሚያ 178 ወንበር አላቸው፤ በጠቅላላው 547። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው፤ ሁሉም ወንበር ቢሞላ 274 ማለት ነው። ውሳኔ የሚያልፈው በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው፤ 274 ሰው በተገኘበት ቀን በ138። «እኔ ስገባ ይቀየራል» የሚል አንድ እጩ ሌሎቹን 137 ከየት እንደሚያመጣ፣ ፓርቲው በፕሮግራሙ ጽፎት እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ጸሐፊው ያላዩት ሌላ በርም አለ። አንቀጽ 552 የአፈጻጸሙን መመሪያ እንዲያወጣ ያዘዘው ጤና ሚኒስቴርን ነው። የመጀመሪያው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ በ2014 ተሻሻለ። ብዙ ተግባራዊ ነገር ያለው እዚያ ነው። 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ የልደት ወረቀት ሳትጠየቅ የተናገረችው ዕድሜ እንደሚያዝ፣ አገልግሎቱ የሚገባት ሴት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት እንዳለባት፣ እስከ 12 ሳምንት ያለው በጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ያለፈው በሆስፒታል እንደሚሠራ የሚወስነው መመሪያው ነው። መመሪያ ያለ ፓርላማ ድምፅ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ የፌዴራል እጩን «አንቀጹን ትቀይራለህ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሚኒስቴሩ መመሪያውን ቢያጠብ ወይም ቢያሰፋ በቋሚ ኮሚቴ ጠርቶ ይጠይቅ እንደሆነም መናገር አለበት።

የከተማ ምክር ቤቱና የጨፌው እጩ ሥራ ፈት ነው ማለታችን አይደለም። ጤና ጣቢያ የት ይሠራ፣ ስንት አዋላጅ ነርስ ይቀጠር፣ አምቡላንስ ነዳጅ ይኑረው አይኑረው የሚለው በጀት በእጃቸው ነው። የጤና ጣቢያው 12 ሳምንት የሚያልፈውም በዚህ ጉድለት ነው። እርግዝና የሚቆጠረው ካለፈው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ብዙ ሴቶች ግን የሚቆጥሩት ወር አበባው ሳይመጣ ከቀረበት ቀን ነው፤ ልዩነቱ 4 ሳምንት ያህል ይሆናል። «9 ሳምንቴ ነው» ብላ የመጣች ሴት ስትመረመር 13 ሆና ትገኛለች፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካታል። አዲስ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ያለች ሴት ለምርመራ አንድ ቀን፣ ለአልትራሳውንድ ሌላ ቀን፣ ለሪፈር ሦስተኛ ቀን ከሥራ ስትቀር ወይም ታክሲ ስትጠብቅ አንድ ሳምንት ይሄዳል። ዘግይቶ የሚሠራ ሥራ ለእሷም ለሐኪሙም የከበደ ነው። ውርጃን የሚቃወምም የሚደግፍም እጩ ይህን መዘግየት እንደማይፈልገው ተስፋ እናደርጋለን።

ጸሐፊው «ሐኪሙ በሕሊናው እምቢ እንዲል የሚፈቅድ እጩ ይመረጥ» ያሉትም እዚህ ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት የእርግዝና መከላከያ፣ በሕግ የተፈቀደ ፅንስ ማቋረጥና ደም መስጠትን የመሰለ አገልግሎት እንዳይከለክል ይደነግጋል። ይቀየር ማለት ይቻላል፤ የሚቀይረው ግን አሁንም የወረዳው እጩ አይደለም።

ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ፅንሱን እንዴት እንዳጣችው ሳይጠየቅ ትታከማለች። «ሐኪም ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት» የሚለው የጽሑፉ አባባል አደገኛ ነው፤ የሙያ ምስጢር ማውጣት በአንቀጽ 399 ራሱ ወንጀል ነው። ይህን ያነበበች ሴት ፈርታ እቤቷ ከቆየች የምትከፍለው በሕይወቷ ነው።

«የማስታገሻ ሕክምና ማለት በመድኃኒት መግደል ነው»

ጸሐፊው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተዋል።

አንደኛው በሽተኛውን ለመገላገል ብሎ መግደል ነው። ይህ በኢትዮጵያ ሕግ ሰው መግደል ነው፤ ርኅራኄ ምክንያት ሆኖ ነጻ የሚያወጣ አንቀጽ የለም። ተራ የሰው መግደል ወንጀል በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መገፋፋት ወይም መርዳትም በአንቀጽ 542 ወንጀል ነው።

ሁለተኛው ሕክምናን አለመቀበል ወይም ጥቅም የማይሰጥ መሣሪያን ማቆም ነው። ይህ በወንጀል ሕጉ ሳይሆን በጤና ሕጎች የሚመራ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አጽድቋል። የፌዴራል እጩን ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ለመጠየቅ የፈለገ ይህን አዋጅ አንብቦት እንደሆነ ይጀምርለት። በከተማችን ዳር ግን የተለመደው ጥያቄ ስለ መሣሪያ አይደለም። «ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፤ ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱ» ከተባለ በኋላ ያለው ነው። ካህን ወይም ሼህ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በሽተኛው ግን ሌሊቱን በሕመም ሲጮህ ያድራል።

ሦስተኛው የማስታገሻ ሕክምና የሚገባው እዚህ ነው። በጥቁር አንበሳ ወይም በጳውሎስ የካንሰር ሕክምናውን ጨርሶ አቃቂ ወይም ሱሉልታ ላለ ቤቱ የተመለሰ ታካሚ ሕመሙ ቀላል ሲሆን በፓራሲታሞል ይጀምራል፤ ካልበቃ እንደ ትራማዶል ወዳለው፣ ሲጠና ወደ ሞርፊን ይሸጋገራል። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ መድኃኒት ወስዶ ለማያውቅ አዋቂ በአፍ የሚሰጥ ሞርፊን ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ ይጀመራል፤ ካልበቃው ሐኪሙ መጠኑን በደረጃ ይጨምራል። በየ4 ሰዓቱ የሆነው ኃይሉ የሚቆየው ያን ያህል ስለሆነ ነው። ቤተሰብ ሱስ ፈርቶ «ሲያመው ብቻ እንስጠው» ሲል ሕመሙ ጉልበት አግኝቶ ይመለሳል፤ ያኔ የበለጠ መጠን ይፈልጋል። ሆድ ድርቀቱ ስለማይቀር ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዛል። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀላል። አተነፋፈስን የሚያዘገየው አደጋ የሚመጣው መጠኑ በአንዴ ሲዘለል፣ ከሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወይም ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል፣ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው እንደ ጤነኛ ሲሰጠው ነው። በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ሰውን አይገድልም፤ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ታካሚው ንስሐውን በሰከነ አእምሮ እንዲናገር፣ ልጆቹን እንዲያናግር ያስችለዋል።

ሞርፊን ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ልዩ የማዘዣ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱን የሚጽፍ ሐኪም በአካባቢው ከሌለ ቤተሰቡ ለጥቂት ቀን መድኃኒት መሀል ከተማ ይመላለሳል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የሚሰጠው አገልግሎት አለ፤ አንድ ድርጅት ግን የከተማውን ዳር ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም። «የማስታገሻ ሕክምና ይስፋፋ» የሚልን እጩ ጸሐፊው በገዳይነት ፈረጁት። እኛ ግን የምንጠይቀው «የትኛው ጤና ጣቢያ፣ ስንት የሠለጠነ ነርስ፣ የሞርፊን ክምችቱ ለስንት ቀን?» ብለን ነው። ይህን የከተማ ምክር ቤትና የጨፌ እጩ ሊመልሰው ይችላል፤ ሥራውም ነው።

«ሃይማኖቱን ማወቅ ይበቃል»

አይበቃም። በአንድ ቤተ እምነት የሚሰግዱ ወይም የሚያስቀድሱ ሁለት እጩዎች ስለ 14 ዓመቷ ልጅ የተለያየ ሊመልሱ ይችላሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ ተመራጩ በአንቀጽ 54 የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝብና ለሕሊናው ነው።

የሚጠየቀው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እጩው የቆመው ለየትኛው ወንበር እንደሆነ ይለይ። ለተወካዮች ምክር ቤት ከሆነ፦ ከአንቀጽ 551 የትኛውን ፊደል ትሰርዛለህ ወይም ትጨምራለህ? የ552ቱን «ቃሏ በቂ ነው» ትነካለህ? ብትነካ በምን ማስረጃ፣ በስንት ቀን? ለከተማው ወይም ለጨፌው ከሆነ፦ የ72 ሰዓቱን አገልግሎት፣ ሪፈሩን፣ ሞርፊኑን። «ሕይወትን እደግፋለሁ» ወይም «የሴቶችን መብት እደግፋለሁ» ብሎ ከተሻገረ ጥያቄው እንዳልተመለሰ ይቆጠርና ይደገም። መልሱ ከፓርቲው ማኒፌስቶ ጋር ይነጻጸር፤ ማኒፌስቶው ዝም ካለ ቃሉ የግሉ ነው፤ ፓርቲው በምክር ቤት እንደዚያ ድምፅ ይሰጣል ማለት አይደለም።

ቤት ተከራይቶ ሰፈር የቀየረ ሰውም ይህን ልብ ይበል፦ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ከአያት ወደ ለገጣፎ ከተዛወሩ ገና ሦስት ወር ከሆነዎ የሚጠይቁት እጩ ሊለይ ይችላል። ቅስቀሳ የሚዘጋው ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ ጥያቄው ከዚያ በፊት በእድርም ሆነ በወጣት ማኅበር ስም በጽሑፍ ይድረሰው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁት።